"እዚያ ማን አለን?" ስለ ዛንዚባር ሠርግና ከእኛ በፊት እዚያ ስለደረሱት ሐበሾች

የዛሬዋ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ወር አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ሠርጋችንን ዛንዚባር ልናደርገው ነው፤ ሃያ አምስት ሰው ብቻ። ሁለት ሪዞርት መርጠናል፤ አንተ የታሪክ አስተማሪ አይደለህ፣ እስኪ የትኛው ይሻላል?" አለችኝ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላከች። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ የኮኮናት ዛፍ። እውነቱን ለመናገር አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልኩም።

እሷንም አልፈርድባትም። አገር ቤት ይሁን ካለች አምስት መቶ ሰው መጥራት ግድ ነው፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው የዕድሜ ልክ ቂም ነው። አሜሪካ ይሁን ካለች ደግሞ እማዬ ቪዛ ማግኘቷ አያስተማምንም። ዛንዚባር ግን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ናት።

እማዬ ስትሰማ ግን ደስ አላላትም። "ጎረቤት ያልበላበት፣ እድርተኛ ያልቆመበት ምን ሠርግ ነው? ደግሞስ እዚያ ማን አለን?" አለች።

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። ምክንያቱም መልሱን አውቀዋለሁ። እዚያ ሰው ነበረን።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ መቀመጫውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛወረ። ደሴቲቱ በቅርንፉድ፣ በዝሆን ጥርስና በባሪያ ንግድ ከበረች። ቅርንፉዱን የሚለቅሙት ከአፍሪካ መሀል አገር ተነድተው የመጡ ባሮች ነበሩ። ሱልጣኑ ከከተማዋ በስተሰሜን ባሕሩ ዳር ምቶኒ በሚባል ቦታ ቤተ መንግሥት ነበረው። በ1856 ሲሞት 36 ልጆች ትቶ ነው። የእነዚህ ልጆች እናቶች በገንዘብ የተገዙ ቁባቶች ነበሩ።

ይሄን ከውስጥ ሆና የነገረችን የገዛ ልጁ ልዕልት ሳልሜ ናት። በ1844 እዚያው ምቶኒ ተወለደች። እናቷም ከሰርካሲያ በልጅነቷ የተወሰደች ባሪያ ነበረች። ሳልሜ በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስለነበሩት ሐበሻ ሴቶችም ትጽፋለች።

እንግዲህ "ሐበሻ" ሲሉ ከየት የተወሰዱ መሰሏችሁ? ከዛሬዋ ኢትዮጵያ ከየአቅጣጫው የተነጠቁ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ገና ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ። በነጋዴ ቅፍለት በእግር እየተነዱ እንደ ምጽዋ፣ ታጁራና ዘይላ ወዳሉ ወደቦች ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር፣ ከዚያም ገዢው ወደፈለገው። ስማቸው ይቀየራል፣ ሃይማኖታቸው ይቀየራል።

የዛንዚባር የባሪያ ገበያ በእንግሊዞች ግፊት በ1873 ተዘጋ። ባርነትም በ1897 በአዋጅ ሕጋዊነቱን አጣ። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ቁባቶቹ ከዚያ አዋጅ ወጥተው ቀሩ። እንደ ሚስት ይቆጠሩ ተባለ። ማንም ሽማግሌ ሳይልክባቸው፣ ማንም "እሺ ወይ?" ብሎ ሳይጠይቃቸው! ይሄ የተስተካከለው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1909 ነው።

የሳልሜም የራሷ ሠርግ ያሳዝናል። ከአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ጋር ተዋደደች፤ ስታረግዝ በ1866 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ኤደን ኮበለለች። በ1867 እዚያው ክርስትና ተነሥታ አገባችው። ከዘመዶቿ አንድም ሰው አልነበረም። ባሏ በ1870 በትራም አደጋ ሞቶ ሦስት ትንንሽ ልጆች ይዛ ጀርመን አገር ቀረች። በ1924 ስትሞት ከዕቃዎቿ መሀል ከዛንዚባር ባሕር ዳር የተዘገነ አሸዋ ተገኘ።

ይሄን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስነግራቸው ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የሐበሾቹ እናቶች ልጆቻቸው የት እንደደረሱ አውቀው ነበር?" አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። "አትሂጂ" አላልኳትም። ያልኳት ይሄን ነው።

አንደኛ፣ ሪዞርቱን በፎቶ ሳይሆን በእማዬ ጉልበት ምረጪ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ ያሉበት፣ ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ሩቅ ይሄዳል፤ ሰዓቱን ሳታጣሩ ከቆማችሁ ፎቶው ላይ የሚወጣው ጭቃና የባሕር አረም ነው። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ውሃው ያን ያህል አይርቅም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከባዱ ዝናብ ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ይሻላል። የእማዬን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እኔ አስጨርሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ከሠርጉ በፊት አንድ ጠዋት ስቶን ታውን ውሰጃት። የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፤ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሐውልቶች አሉ። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ የምቶኒ ፍርስራሽ መንገዳችሁ ላይ ነው፤ ቆም በሉ።

እህቴ ዝም አለች። ቀጥላ "ሠርጌን ለቅሶ ልታደርገው ነው እንዴ?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። እነዚያ ልጆች ወደዚያ ደሴት የሄዱት ተሽጠው ነው። አንቺ የምትሄጂው የመረጥሽውን ሰው ልታገቢ፣ እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ነው። ይሄን አውቀሽ ብትደሰቺ ደስታሽ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለእማዬም በእሑዱ ቡና ላይ አንድ በአንድ ነገርኳት። ረከቦቱን እያየች ቆየች። "ለእነዚያ ልጆች ማን አለቀሰላቸው?" አለች። ከዚያ "በሉ እሺ፣ ጧፍ ይዤ እሄዳለሁ። መልሱ ግን እዚህ ድንኳን ተጥሎ ነው!" ብላ ፈረደች። እህቴም ተስማማች።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ወንድ ልጅም ሆነ ሴት ልጅ ውጭ አገር ለመዳር ያሰባችሁ ካላችሁ የቦታውን ታሪክ አብራችሁ ጠይቁ። ሀሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።

ቸር እንሰንብት!