የሥዕል ክፍለ ጊዜ የማን ነው?

ነሐሴ ሲያልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የክፍለ ጊዜ ድልድል ያወጣሉ። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ መጀመሪያ ለየባለቤቶቻቸው ይሰጣሉ። ከዚያ ሎዱ (የሳምንት ክፍለ ጊዜ ድርሻው) ያልሞላለት መምህር ይፈለግና ሥዕልና ሙዚቃ ይደረብለታል። መምህሩ የአማርኛ ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስ ምሩቅ ሊሆን ይችላል። ስሙ ሰሌዳው ላይ ከሰፈረ በኋላ «ይህን የት ተማርከው?» ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደው ይህ አሠራር፣ ኪነ ጥበብ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለውን እውነተኛ ቦታ ከማንኛውም የፖሊሲ ሰነድ በተሻለ ያሳያል።

ሰነዱ ግን ንፉግ አይደለም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ሥዕል፣ ሙዚቃና የሰውነት ማጎልመሻ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጡ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ከዚያ አልፎ ሙዚቃን፣ ቴአትርን፣ ውዝዋዜንና ሥዕልን «የክወናና የእይታ ጥበባት» በሚል ርእስ በአንድ የትምህርት ዓይነት ጠቀለላቸው። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው፤ ሕፃን ልጅ ሲዘፍን ይወዛወዛል፣ ሲጫወት ይተውናል፣ መሬት ላይ ሲሥል ታሪክ ያወራል። ችግሩ ከመምህሩ በኩል ነው። አንድ ሰው ዜማ እንዲያስጀምር፣ ትዕይንት እንዲያዘጋጅ፣ እስክስታ እንዲያሠራና ስለ ብርሃንና ጥላ እንዲያስረዳ ይጠበቅበታል። የአራት ባለሙያ ሥራ በአንድ ትከሻ ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

ይህ ትከሻ የሚዘጋጀው በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ነው። ከ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ በኋላ የአንድ ዓመቱ የሰርተፊኬት ሥልጠና ቀርቶ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ መጣ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ለታችኛው ክፍል ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር የሚሠለጥነው እጩ መምህር ለኪነ ጥበብ የሚደርሰው ኮርስ ጥቂት ነው፤ እሱም በአብዛኛው በንድፈ ሐሳብ ያልፋል። በሌላ በኩል አገሪቱ የኪነ ጥበብ ባለሙያ የምታፈራባቸው የቆዩ ተቋማት አሏት። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። አሸናፊ ከበደ በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የቴአትር ጥበባት ክፍልም አለ። ከእነዚህ የሚወጣው ምሩቅ የሚያልመው ስቱዲዮን፣ መድረክንና ባንድን ነው። ማስተማር የፈለገውም የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍሉ የግል ትምህርት ቤቶች ያዘነብላል። ስለዚህ ኪነ ጥበቡን የሚያውቀው የሕዝብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አይደርስም፤ ደጃፉ ውስጥ ያለው ደግሞ ኪነ ጥበቡን አልተማረም።

የኪነ ጥበብ መምህር እንዴት እንደሚዘጋጅ ኢትዮጵያ ከማንም መማር ሳያስፈልጋት ለዘመናት ስታውቀው ኖራለች። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤት ድጓ የተማረ ሰው ከአካባቢው መምህር ዘንድ ዓመታት ቢቆይ እንኳ በቀጥታ ወንበር አይዘረጋም። ጋይንት ውስጥ ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ምስክሩ ዙር አባ ነው፤ ለአቋቋም ደግሞ ጎንደር ይኬዳል። እዚያ የሚፈተነው ዜማውን መቻሉ ብቻ ሳይሆን ሳያዛባ ለሌላ ማስተላለፍ መቻሉም ነው። የማስተማር ልምምዱ ደግሞ ከመመረቅ በኋላ የሚመጣ አይደለም፤ ገና በትምህርት ላይ ሳለ የላይኛው ተማሪ የታችኛውን ያስቀጽላል፣ የኔታ ሁለቱንም ይሰማሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም አደራጁት የሚባለው የዜማ ምልክትም ያገለገለው ለዚሁ ዓላማ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና ሌሎቹ ምልክቶች በቃል የነበረውን ሥርዓት አስጠብቀው፣ በሩቅ አገር ያለ መምህርም ከምስክር ቤቱ እንዳይርቅ አድርገዋል።

ይህን ማለት የቆሎ ትምህርት ቤቱን ኑሮ ማስዋብ አይደለም። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ያድር ነበር፣ አለንጋ ነበር፣ ለሴት ልጅ በሩ በአብዛኛው ዝግ ነበር፣ ትምህርቱም የአንድ እምነት ነበር። የሕዝብ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ይዞ መምጣት አይችልም፤ መምጣትም የለበትም። ሊወስደው የሚገባው ማስመስከርን ነው፤ ማለትም ጥበብን የሚያስተምር ሰው በራሱ ድምፅና በራሱ እጅ መፈተን እንዳለበት።

ሌላው ምሳሌ ቅርብና ዓለማዊ ነው። እንግሊዛዊው የውዝዋዜ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ በጎዳና ላይ ካሉና ከድሃ ቤተሰብ ከተገኙ ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን በመድረክ አቀረበ። ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት እንደ አንድ ምሽት ትርኢት ነው፤ ዋናው ነገር ግን የተከተለው ነው። ከልጆቹ የተወሰኑት «አዱኛ» በተሰኘው ቡድን ውስጥ ለዓመታት ሠለጠኑ። ሥልጠናው ለመደነስ ብቻ አልነበረም፤ ለሌሎች ልጆች እንዲያስተምሩ፣ ከአካል ጉዳተኞችም ጋር እንዲሠሩ ጭምር ነበር። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በሮሌክስ የኪነ ጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር እንዲማር ተመርጧል፤ በኋላም ከባልደረባው አዲሱ ደምሴ ጋር «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርቷል። ማልዱም ራሱ በ2003 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ላይ ከ250 ገደማ የትምህርት ቤት ልጆችና ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የስትራቪንስኪን «የፀደይ ሥርዓት» ሲያቀርብ ዓለም በፊልም አይቶታል። አዲስ አበባ ግን ከዚያ ቀድማ ነበር። የሚያስቆጨው፣ የአዱኛ ልጆች ያካበቱት የማስተማር ችሎታ ወደ መምህራን ኮሌጆች የሚገባበት በር አለመኖሩ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኮሌጅ የሚጠይቀው ዲፕሎማ ነው።

«ችግሩ ገንዘብ ነው» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ገንዘብ የሞላበት ቦታ ምን እንደሆነ ማየት ይረዳል። የካሊፎርኒያ መራጮች በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) «ፕሮፖዚሽን 28» የተባለውን ሕግ በ64 በመቶ ገደማ ድምፅ አጸደቁ። ሕጉ በየዓመቱ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የኪነ ጥበብ ትምህርት ይመድባል፤ በመጀመሪያው ዓመት የተመደበው 938 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 500 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ያላቸው ወረዳዎች ከገንዘቡ ቢያንስ 80 በመቶውን ለሠራተኛ ቅጥር ማዋል አለባቸው። ገንዘቡ ሲመጣ ግን የሚቀጠር ሰው እንደ ልብ አልተገኘም። አንዱ ምክንያት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተወሰደ ውሳኔ ነው፤ ግዛቲቱ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ የቴአትርና የውዝዋዜ መምህርነት የሙያ ፈቃድን አጥፍታ ቴአትርን በእንግሊዝኛ፣ ውዝዋዜን በሰውነት ማጎልመሻ መምህር እጅ አኑራ ነበር። ፈቃዱ እንዲመለስ የተወሰነው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የሕጉ ዋና አርቃቂ ኦስቲን ቡትነር ከወላጆች ጋር ሆኖ፣ በአንድ ወቅት ራሱ የመራውን የሎስ አንጀለስ ትምህርት ወረዳ «ገንዘቡን አዲስ መምህር ለመቅጠር ሳይሆን ነባሩን ወጪ ለመሸፈን አዋለው» ብሎ ከስሷል። ወረዳው ክሱን አልተቀበለም። ፍርዱ ምንም ይሁን፣ በጀት ስለተመደበ ብቻ መምህር በአንድ ዓመት እንደማይበቅል ካሊፎርኒያ በተግባር አይታዋለች።

ጥቅሙስ? የኪነ ጥበብ ወዳጆች እዚህ ላይ ማጋነን ይወዳሉ፤ ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይበልጣል ሲባል ያልሰማ የለም። በቴክሳሷ ሂዩስተን ዳንኤል ቦወንና ብሪያን ኪሲዳ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ጥናቱ 42 ትምህርት ቤቶችንና 10,548 ተማሪዎችን ያካተተ ሲሆን፣ የኪነ ጥበብ ትምህርቱ የሚስፋፋባቸው ትምህርት ቤቶች የተለዩት በዕጣ ነበር። ውጤቱ መጠነኛ ግን ግልጽ ነበር። በሥነ ምግባር ጉድለት የሚቀጡ ተማሪዎች በ3.6 መቶኛ ነጥብ ቀነሱ፤ የጽሕፈት ውጤት ተሻሻለ፤ ተማሪዎቹ ለሌሎች የሚያሳዩት ርኅራኄ ጨመረ። በሒሳብ፣ በንባብና በሳይንስ ፈተና ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ከ60 በላይ ልጅ በአንድ ክፍል ለሚያስተዳድር የኢትዮጵያ መምህር፣ ረብሻ የሚቀንስና ጽሕፈት የሚያሻሽል ትምህርት ያለ ሒሳቡ ተረትም በቂ ምክንያት አለው።

ሊደረግ የሚችለው ብዙው አዲስ በጀት አይጠይቅም። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት እንዲያውል ያዛል። በአብዛኛው ይህ ሰዓት ፖርትፎሊዮ በመሙላት ያልቃል። የክወናና የእይታ ጥበባት የተመደበላቸው መምህራን ከሰዓቱ ግማሹን በጉድኝት ማዕከል ተሰብስበው በእጃቸው ቢሠሩበት፣ በከሰልና በካርቶን ቢሥሉ፣ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ለይተው ቢያዜሙ፣ በመስከረም ክፍል የሚገቡት በሌላ ድፍረት ይሆናል። በየአካባቢው መሪጌታ፣ መንዙማ አዋቂ፣ አዝማሪ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ አሉ፤ ትምህርት ቤት የሚጠራቸው ግን ለወላጆች ቀን በዓል ድምቀት ነው። በውሎ አበል ተከፍሏቸው ለመምህራኑ አሠልጣኝ ቢሆኑ፣ በዲፕሎማ እጦት ከበር የተመለሰው እውቀት መግቢያ ያገኛል። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ከያሬድ የሚወጡ ምሩቃንም፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን እንደተጀመረው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ዓይነት አጭር መንገድ ቢከፈትላቸው፣ ከእነሱ መካከል ጥቂቱ እንኳ ወደ መምህራን ኮሌጅ ቢገባ አንዱ አሠልጣኝ በየዓመቱ ብዙ መምህር ያፈራል።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኪነ ጥበብን አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባም ይሆናል። ነገር ግን የማይፈተን ትምህርት የሚከበረው በሚያስተምረው ሰው ብቻ ነው። የክልልና የከተማ ትምህርት ቢሮዎች ለመጪው ዓመት የመምህራን ድልድል መመሪያ ሲያወጡ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ የክወናና የእይታ ጥበባት ለሎድ ማሟያ አይሰጥም፤ የሚሰጠው በሙያው ለሠለጠነ ወይም በዚያው ክረምት ሠልጥኖ በተግባር ለተፈተነ መምህር ነው።