«ሞርታር»፦ ሙቀጫ፣ ልውስ እና ሴባስቶፖል

ሴባስቶፖል የት ተሠራ ቢባል የደብረ ታቦር ልጅ ሳያቅማማ «ጋፋት» ይላል። ስለ መድፉ በእንግሊዝኛ ሲያነብ ግን «ሞርታር» የሚል ያገኛል። መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ደግሞ ሙቀጫ ይለዋል! ዝቅ ሲል የግንበኛ ልውስ። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው፤ ምንጩ የላቲኑ «ሞርታሪየም»። ሮማውያን መውቀጫ ዕቃውንም፣ በውስጡ የሚዘጋጀውንም ነገር በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ድንጋይ የሚያያዝበት የኖራና የአሸዋ ልውስ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። የጎንደር ግንቦች የቆሙት በኖራ ነው፤ ዛሬ ሲሚንቶ ተካው እንጂ ስሙ ያው ነው።

መድፉስ? መልኩን እዩት እስኪ። አጭር፣ ወፍራም፣ አፈ ሰፊ፤ የቡና ሙቀጫችንን አግዝፋችሁ አስቡት። እንዲህ ያለው መድፍ ጥይቱን ወደ ላይ አጉኖ ከግንብ ጀርባ ይጥላል። በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ የሠሩት ሚሲዮናውያን ባለሙያዎች አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ከስዊዘርላንድ የመጣው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር አንዱ ነው። በቋንቋቸውም «ሞርዘር» ሙቀጫም መድፍም ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ይህ «ሙቀጫ» ከደብረ ታቦር የተነሳው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ዛሬም እዚያው አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ተፈታኞች፣ ይችን ልብ በሉ፦ «ሞርታል» ሌላ ቃል ነው፤ ሟች ወይም ገዳይ ማለት ነው። የመጣው ሞት ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ከእኛ «ሞተ» ጋር መመሳሰሉ ግን እንዲሁ ግጥጥሞሽ ነው፣ ዝምድና የላቸውም።

በምረቃ ቀን የሚደፋው ባለ አራት ማዕዘን ጥቁር ቆብም በእንግሊዝኛ «ሞርታርቦርድ» ይባላል፤ ግንበኛ ልውሱን የሚይዝበትን ጠፍጣፋ ጣውላ ስለሚመስል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ወደ ላይ የሚወረውሩት እሱን ነው።