«ልጅ-ብቻ ዕርዳታ» ወይስ የልጅ ድርጎ?

አሜሪካ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ «ልጅ-ብቻ ዕርዳታ» የሚል አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። አማርኛ ብቻ የሚያውቁ አያት ይህን ሲሰሙ ምን ይረዱ? እኅት ወንድም የሌለው ልጅ? ወይስ አሳዳጊ አጥቶ ብቻውን የሚኖር? እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ገልብጦ አማርኛ ነው ማለት ቋንቋውንም አያትየውንም መበደል ነው።

ነገሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ከወላጆቹ ጋር መኖር ያልቻለ ልጅ አክስቱ ወይም አያቱ ቤት ሲያድግ፣ መንግሥት በልጁ ስም በየወሩ ገንዘብ ይቆርጥለታል። ይህ ገንዘብ የሚከፈልበት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ታንፍ የተባለው ድጎማ ለአዋቂዎች ያስቀመጠው የ60 ወር ገደብና የሥራ ግዴታ፣ ለራሷ ድጎማ ያልጠየቀችን አክስት አይነካትም፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ደመወዟም አይቆጠርባትም። ልጁ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመንግሥት ኃላፊነት ሥር ከገባ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ፎስተር ኬር ይባላል፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። መስፈርቱን ያሟላ አሳዳጊ ዘመድ ስለሆነ ብቻ ከፌዴራሉ የፎስተር ክፍያ እንዳይከለከል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ወስኗል።

ይህን ሁለተኛውን «ማደጎ» የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አይቻልም። ማደጎ «አደገ» ከሚለው ግሥ ይወለዳል፤ በሰሚው ጆሮ ግን ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ከኦሮምኛ ያገኘነው ጉዲፈቻም እንደዚሁ ዘላቂ ዝምድናን ይፈጥራል። ፎስተር ኬር ግን ከተቻለ ልጁን ወደ ወላጆቹ ለመመለስ የታሰበ ነው። «ልጅሽ ማደጎ ተሰጥቷል» የተባለች እናት ጨርሳ ያጣችው መስሏት መሟገቷን ብትተው ማን ይጠየቃል? ለዚህ የሚሆን ቃል አለን፤ አደራ። አደራ ተቀባይ ባለቤት አይደለም፤ ጠብቆ ይመልሳል። የአደራ ልጅ፣ የአደራ ቤተሰብ እንበል።

ልጅ ዘመድ ዘንድ ማደጉን «የዝምድና እንክብካቤ» የሚሉም አሉ። የጤና እንክብካቤ ጤናን መጠበቅ ከሆነ፣ ይህ ዝምድናን መጠበቅ ሊሆን ነው፤ ልጁ የት ገባ? ሕዝቡ «ዘመድ ቤት ነው ያደገው» ይላል። የአያት ልጅ የሚለውንስ ማን ያጣዋል?

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። «ዕርዳታ» ሲባል ስንዴና ሰልፍ ይታየናል። «ቀለብ» ደስ የሚል ቃል ነበር፤ ነገር ግን የልጅ ቀለብ አባት በፍርድ ቤት ተገድዶ የሚሰጠው ነው፤ ቢደባለቅ አሳዳጊዋ ከማን እንደምትጠይቅ ይጠፋባታል። «ተቆራጭ» አይከፋም፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። የእኔ ምርጫ ድርጎ ነው። ድርጎ ከመንግሥት የሚሰጥ ነው፤ በየጊዜው ይመጣል፤ ተቀባዩም ይታወቃል። በጥንት ጊዜ ነገሥታቱ ለእንግዳ የሚያዙለት ድርጎ የማዕረግ እንጂ የልመና አልነበረም።

«ድርጎ እህል ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም» የሚል ይኖራል። ቀለብም መነሻው እህል ነበር፤ ዛሬ ዳኛ በብር ይቆርጠዋል። ቃል ከኑሮ ጋር ይሄዳል።

በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቅጹን የሚተረጉሙ ወገኖቼን የምለምነው ይህን ነው፦ ዘመድ ቤት ለሚያድገው «የልጅ ድርጎ»፣ በመንግሥት ኃላፊነት ሥር ላለው «የአደራ ልጅ ድርጎ» ብለው ይጻፉ፤ የእንግሊዝኛውን ስም በፊደላችን ከጎኑ ያኑሩት፣ አክስትየው መስኮቱ ጋ ስትደርስ የትኛውን እንደምትጠይቅ እንድታውቅ።