ለጭነት ከብት መራራት

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ መቂንና ባቱን ያለፈ መንገደኛ አዳሚ ቱሉን ያገኛል። ስሟ በኦሮምኛ «የቁልቋል ኮረብታ» እንደ ማለት ነው። በገበያ ቀን እህሉን፣ ውሃውንና ማገዶውን ተሸክሞ ከሕዝቡ ጋራ የሚገባው አህያ ነው። ጭነቱ ሲወርድለት ግን ከመጫኛው ሥር ገጣባው ይታያል። እኛም ስለ እንስሳት የተደረገውን ክርክር ታሪክ ስንጽፍ ከዚህ ቁስል መነሣት ተገቢ መስሎናል።

በሌላው ዓለም ክርክሩ ወደ ሕግ የደረሰው ቀደም ብሎ ነው። በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ማርቲን የተባለው የምክር ቤት አባል እ.ኤ.አ. በ1822 የቤት ከብትን በጭካኔ መደብደብን የሚከለክል ሕግ አስወጣ። ሕግ ብቻውን ግን ጅራፍ አያስጥልምና፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂት ሰዎች በለንደን አንድ ቡና ቤት ተሰብስበው አፈጻጸሙን የሚከታተል ማኅበር አቋቋሙ።

ባገራችን የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ኋላም የጭነት መኪና ሲበዛ፣ አህያ ከሸክም የሚያርፍ የመሰለው ሰው ሳይኖር አልቀረም። ነገር ግን ባቡሩና መኪናው ያደረሱትን ዕቃ ከጣቢያና ከጎዳና ወደ ገጠር የሚያዳርሰው እርሱ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። አህያ በሌለበት ቤት ሸክሙ ወደ ሴቲቱ ጀርባ ይዞራልና፣ ለአህያ መከራከር ለሰውም መከራከር ነው።

ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን የተባሉ እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት የአህዮች መጠለያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራውን ወደ ኢትዮጵያ አዘለቀ። በደብረ ዘይት፣ በዛሬይቱ ቢሾፍቱ፣ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋራ በተደረገው ሥራ ፕሮፌሰር ፍስሃ ገብረአብን የመሰሉ ያገር ሊቃውንት ደከሙ። የሆድ ትል መድኃኒት ተሰጠ፤ ቁስል ታከመ፤ ባለቤቶችም ጭነትን ስለ ማመጣጠን ተመከሩ።

በዚያችው በቢሾፍቱ በ2009 ዓ.ም. በውጭ ባለሀብቶች የአህያ ቄራ ተከፈተ። ቆዳው ወደ ቻይና ሄዶ «ኤጂያዎ» የተባለው ባህላዊ መድኃኒት ሊሠራበት ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአህያ ሥጋ አይበላምና የከተማው ሕዝብ ተቃወመ፤ ቄራውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። የቆዳው ንግድ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተቃውሞ ስላስነሣ፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ራሳችንን ሳንሸነግል እንነጋገር፤ የቢሾፍቱ ተቃውሞ ከእምነት፣ ከልማድና ከኑሮ የመነጨ እንጂ ከገጣባው የመነጨ አልነበረም። ቄራውን የተቃወመ እጅ በማግሥቱ ዱላ ሊያነሣ ይችላል። ያገራችን ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲል ይተርታል፤ በዚህ ነገር ግን ተረቱ ተገልብጧል፤ ዳውላውን የሚያከብደው ሰው ሲሆን የሚመታው አህያው ነው።

ባለጋሪውንና ባለአህያውን ብቻ መውቀስም ፍርድ ማጓደል ነው። በአንድ ምልልስ ብዙ የሚጭነው የዕለት እንጀራው ስለሚያስገድደው ነው። ይልቁንስ መፍትሔው ከየገበያው ይጀምር፤ ውሃ የሚጠጣበት ገንዳ፣ ከጭነት በታች የሚነጠፍ ወፍራም ድልድል፣ ቁስል እስኪድን የሚሰጥ ዕረፍት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፣ ሹማምንትም የገበያ ቦታ ሲያስከልሉ ለአህያው ጥላና ውሃ ቢያስቡለት፣ በአዳሚ ቱሉ ገበያ ጭነት ሲወርድ የምናየው ጀርባ ሌላ ይሆናል።