መጀመሪያ የትኞቹ ቃላት? ኤስፔራንቶ ጀማሪዎቹን የተቀበለበት መንገድ

በሐምሌ 1887 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዋርሶ ውስጥ 40 ገጽ የምትሆን ቀጭን መጽሐፍ በሩሲያኛ ታተመች። ደራሲዋ «ዶክተር ኤስፔራንቶ» የሚል የብዕር ስም የያዘ የ27 ዓመት የዓይን ሐኪም ነበር፤ እውነተኛ ስሙ ሉድቪክ ዛመንሆፍ። የማሳተሚያውን ገንዘብ ያገኘው ከሚስቱ ከክላራ ጥሎሽ ነው። መጽሐፏ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ አንድ ሰፊ ወረቀት አለ። በዚያ ወረቀት ላይ 900 ያህል ሥረ ቃላት በደቃቅ ፊደል ተደርድረዋል። ኤስፔራንቶ የተባለው አዲስ ቋንቋ ለዓለም ያቀረበው የመጀመሪያ መዝገብ ይኸው ነበር።

ለምን 900? አንድ ቋንቋ በአንድ ወረቀት ሊያልቅ ይችላል ብሎ ማሰብ በዚያ ዘመን ድፍረት ነበር። ከዛመንሆፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ቄስ ሽላየር ያወጣው ቮላፑክ የተባለ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ብዙ ተከታይ ቢያፈራም፣ ቃላቱ ከምንጫቸው እስከማይለዩ ድረስ ተቆራርጠው ስለነበር ለማስታወስ አስቸጋሪ ነበሩ። ዛመንሆፍም በወጣትነቱ በዚያው ጎዳና ሄዶ ነበር። በጣም አጫጭር ቃላት ከፈጠርኩ ለተማሪው ይቀለዋል ብሎ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት ፊደላትን በተራ እያገጣጠመ ትርጉም ሲሰጣቸው ቆየ። ራሱ የፈጠራቸውን ቃላት ግን ራሱ ሊይዛቸው አልቻለም። ስለዚህ ያን ሁሉ ትቶ ብዙ የአውሮፓ ሕዝብ የሚያውቃቸውን የላቲንና የጀርመን ዘር ቃላት መረጠ። ለጀማሪ የሚቀለው አጭሩ ቃል ሳይሆን የተዋወቀው ቃል መሆኑን በገዛ ድካሙ ተረዳ።

ሁለተኛው ችግር የቃላቱ ብዛት ነበር። የትኛውም መዝገበ ቃላት ሲገለጥ በሺዎች የሚቆጠር ቃል አለው፤ ይህን ሁሉ ማን ያጠናል? መፍትሔውን ያገኘው ጎዳና ላይ እንደሆነ በኋላ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ተርኳል። ገና ተማሪ ሳለ ሁለት የሩሲያኛ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ዓይኑን ያዙት፤ አንዱ የበር ጠባቂ ክፍል፣ ሌላው የጣፋጭ መሸጫ ቤት ሰሌዳ ነበር። የሁለቱም ስም የሚያበቃው በአንድ ዓይነት ባዕድ መድረሻ ነው፤ ከአንድ ቃል በመድረሻ ብቻ ሌላ ቃል መሥራት እንደሚቻል ያኔ ገባው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያ አስፈሪ የቃላት ተራራ እየቀነሰ መጣለት።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፈረስን የሚያውቅ ፈረሰኛን፣ ወንጀልን የሚያውቅ ወንጀለኛን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አይገልጥም። የእኛዋ «ኛ» ግን አማርኛም ትላለች፣ ሁለተኛም ትላለች፣ ሥራዋ ብዙ ነው። ዛመንሆፍ ለእያንዳንዱ ቅጥያ የተወሰነ ሥራ ሰጠው። «ሳና» ጤነኛ ማለት ነው። ተቃራኒ የሚያደርገው «ማል» ከፊቱ ሲገባ «ማልሳና»፣ ታማሚ ይሆናል። ሰውን የሚያመለክተው «ኡል» ሲጨመር «ማልሳኑሎ»፣ በሽተኛ፤ ቦታን የሚያመለክተው «ኤዮ» ሲከተል ደግሞ «ማልሳኑሌዮ»፣ ሆስፒታል። አንድ ሥር፣ ሦስት ቅጥያ፣ አራት ቃል። «ማል» ብቻዋን ጀማሪው ከሚያጠናቸው ቅጽሎች ብዙዎቹን በግማሽ ትቀንስለታለች፤ ትልቅን ካወቀ ትንሽን፣ ጥሩን ካወቀ መጥፎን ያውቃል።

ወረቀቱ ሌላም ጥበብ ነበረው። ቅጥያዎቹ ራሳቸው እንደማንኛውም ቃል በፊደል ተራቸው መዝገቡ ውስጥ ገብተዋል፤ በጽሑፍም የቃሉ ክፍሎች በምልክት ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ ቋንቋውን ጨርሶ ያልተማረ ሰው ደብዳቤ ቢደርሰውና ወረቀቷ አብራው ብትላክ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ መልእክቱን ሊፈታ ይችላል። ዛመንሆፍ ያሰበው ለክፍል ተማሪ ብቻ አልነበረም፤ ምንም ለማያውቅ ተቀባይም ጭምር ነበር። ይህ ከታሪኩ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ክፍል ነው።

መዝገቡ ግን በ900 አልቆመም። በ1890ዎቹ የወጣው «ሁለንተናዊ መዝገበ ቃላት» ከ2,500 በላይ ሥሮችን በአምስት ቋንቋ ተረጎመ። በ1905 ደግሞ ይህ መዝገብ፣ ሰዋስዉና የልምምድ መጽሐፉ በአንድ ጥራዝ ተጠቃለው የቋንቋው የማይነካ መሠረት ሆኑ።

የልምምድ መጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ተማሪው የሚያገኘው ምን ምን ነው? አባትና ወንድም፣ አንበሳ፣ ጽጌረዳ፣ ርግብ፣ ፀሐይ፣ ልብስ ሰፊ። ዓላማው ሰዋስው ማሳየት ስለነበር ለዚያ ተሳክቶለታል። ነገር ግን አዲስ ሰው ከሌላ አገር እንግዳ ጋር ሻይ ቤት ቢቀመጥ፣ አንበሳና ርግብ ምን ያህል ያወያዩታል? «የት ነው?»፣ «አልገባኝም»፣ «እፈልጋለሁ» የሚሉት ይበልጡበታል። ዛመንሆፍ ቃላትን በመቀነስ የተካነ ነበር፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን ግን ለኋለኞቹ አስተማሪዎች ተወው።

ከእነሱ አንዱ የትራንሲልቫኒያው የካቶሊክ ቄስ አንድሬዮ ቼህ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920 ገደማ፣ ሀንጋሪኛ፣ ሮማንኛና ጀርመንኛ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ጠበቁት። ለሁሉም የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። ቼህ በአንዳቸውም ቋንቋ ላለመተርጎም ወሰነና በእጁ ያለውን፣ በክፍሉ ውስጥ የሚታየውን እያነሣ ይጠይቅ ጀመር፤ ተማሪዎቹም በኅብረት ይመልሱ ነበር። ቀዳሚዎቹን ቃላት የወሰነለት የክፍሉ ዕቃና የጥያቄ ቃላቱ ነበሩ ማለት ነው። ዘዴው ተወዳጅ ሆኖ በ1930 ሄግ ከተማ ውስጥ በስሙ ተቋም ተመሠረተ።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ቻርልስ ኦግደን በተቃራኒው መንገድ ተነሣ። አዲስ ቋንቋ ከመፍጠር ይልቅ እንግሊዝኛን ወደ 850 ቃላት አወረደው። 600 የነገር ስም፣ 150 የባሕርይ ቃል፣ 100 ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የሚያንቀሳቅሱ ቃላት፤ ከእነዚህ ውስጥ ግሦቹ 18 ብቻ። ሁሉም በአንድ ገጽ ይገባል። ጉድለቱ እንግሊዝኛ ጥቂት ግሦችን ከመስተዋድድ ጋር ሲያጣምር ትርጉሙ ከክፍሎቹ የማይገመት መሆኑ ነው፤ በገጹ ላይ ያልታየው ሸክም ተማሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የኤስፔራንቶ ቅጥያ ከዚህ ይሻላል፣ ያልጠኑትን ቃል እንኳ ከክፍሎቹ መፍታት ይቻላልና።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ዛግሬብ ውስጥ፣ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ ነው። በ1970ዎቹ ዝላትኮ ቲሽሊያር የሚባል የኤስፔራንቶ አስተማሪ ሰዎች በኤስፔራንቶ ሲያወሩ ቀረጸና ንግግራቸውን ወደ ሥርና ቅጥያ በትኖ ቆጠረ። ከ500 የማይበልጡ ሥሮች፣ ቅጥያዎችና መድረሻዎች ከንግግሩ 95 በመቶ ያህሉን ሸፈኑ። ተውላጠ ስሞች፣ መስተጻምሮች፣ «መሆን» የሚለው ግሥና የግሥ መድረሻዎች ከፊት ተሰለፉ። ብዙ የዛመንሆፍ ውብ ስሞች ወደ ኋላ ተመለሱ። «የዛግሬብ ዘዴ» የሚባለው የ12 ትምህርት ኮርስ በዚህ ቆጠራ ላይ ቆመ። በዚያው ዐሥርት ዓመት፣ በ1974፣ የኤስፔራንቶ አካዳሚም መሠረታዊ ሥሮችን እንደ ተፈላጊነታቸው በ9 ቡድን ከፍሎ አወጣ።

ቁጥር ብቻውን ግን ደረቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተርጓሚ የነበረው የሥነ ልቡና ባለሙያ ክሎድ ፒሮን ይህን ስለተረዳ የቲሽሊያርን ቆጠራ ይዞ ልብ ሰቃይ ታሪክ ጻፈበት። በ1983 የታተመው «ጌርዳ ጠፋች» 25 ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በጣም ጥቂት በሆኑ የዕለት ተዕለት ቃላት ይሄዳሉ፤ ተማሪዎች ምግብ ቤት ተቀምጠው ስለ አንዲት ልጅ ያወራሉ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ጥቂት ቃል እየጨመረ ሲሄድ አንባቢው ልጅቷ ምን እንደገጠማት ለማወቅ ስለሚጓጓ ቃላቱን ሳያውቀው ይሸምታል። ፒሮን ቅጥያዎቹንም አልዘነጋም፤ በአንድ ምዕራፍ የተገኘ ሥር በሌላው ምዕራፍ በአዲስ ቅጥያ ተጠቅልሎ ይመለሳል።

ዛሬም የኤስፔራንቶ አስተማሪዎች ሊወስኑት የሚገባ ነገር አለ። ለሆስፒታል «ማልሳኑሌዮ» የሚለው የተገነባ ቃል እያለ «ሆስፒታሎ» የሚለው አጭር ቃልም በጽሑፍ ይታያል። ሁለተኛው የአውሮፓ ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አንደኛው ግን ጤነኛ የሚለውን ቃልና ቅጥያዎቹን ብቻ የያዘ ጀማሪን፣ ቋንቋው ከየትም ይሁን፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ያደርሰዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅደም ያለበትም እሱ ነው።