ስምንት ሰዓትና የዓለም ባንክ ሾፌር

አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ተራ ጎህ ሳይቀድ ሞተር ይነሳል። ሾፌሩ የታጠፈ ፎጣ ከወገቡ ኋላ ሸጉጧል። አጠገቡ በፕላስቲክ የተያዘ ውሃ አለ፤ ግን አይጠጣም፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ቢወርድ ተራው ያልፈዋል። የባለንብረቱ ገቢ እስኪሞላ፣ ከዚያም ለቤቱ እስኪተርፍ ከወንበሩ አይነሳም። ማታ ልጁ ሊጫወት ሲመጣ ይቆጣዋል፤ ወዲያው ይጸጸታል።

ሰው ይህን አይቶ «ሾፌር ተናዳጅ ነው» ይላል። እኔ ግን ነገሩ የጠባይ ሳይሆን የሰዓት ነው እላለሁ።

የሰዓት ክርክር የቆየ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1912 ዓ.ም. የመጀመሪያ ስምምነቱን ሲያወጣ የኢንዱስትሪ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ገደበ። ኢትዮጵያ ድርጅቱን በ1916 ዓ.ም. ብትቀላቀልም፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር እስኪቋቋም 1955 ዓ.ም. ደረሰ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ተቆጥተው መኪናቸውን አቆሙ። በዚያው ወር መጨረሻ ማኅበሩ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው በቀን 8 ሰዓትን፣ በሳምንትም የ24 ሰዓት ዕረፍትን ይደነግጋል።

ያኔ ቀድሞ የቆመው የታክሲ ሾፌር ግን ዛሬም በተግባር ሰዓት ቆጣሪ የለውም። አለቃው ገቢ ነው። በቀን 14 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ቢነዳ 84 ሰዓት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው 17 በመቶ ይበልጣል።

አእምሮም አብሮ ይጎዳል። ተመራማሪው ሮበርት ካራሴክ በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ሰውን ይበልጥ የሚያደቀው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሥራው በዝቶ በራስ የመወሰን ሥልጣን ሲያንስ ነው። የእኛ ሾፌር መስመሩ በታፔላ፣ ታሪፉ በመንግሥት፣ ገቢው በባለንብረቱ ይወሰንበታል። ለእሱ የቀረለት ቢያጆ መደራረብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለንብረቶች በሳምንት የአንዲት ቀን ገቢ ይተዉለት፤ ከተማው በየታክሲ ተራው ንጹሕ ሽንት ቤት ይሥራ። እኛም ተሳፋሪዎች፣ ሾፌሩ ሲቆጣ ብንሰማው መልሰን ከመቆጣታችን በፊት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጦ እንደዋለ እናስብለት።