ኦሬሊያን፦ የተከፋፈለችውን ሮም በ5 ዓመት የገጣጠመው ወታደር

ወዳጆቼ፣ የሮም ነገሥታት ሲነሱ አብዛኞቻችን ኔሮንን ወይ ቆስጠንጢኖስን ነው የምንጠራው። ዛሬ ብዙም ስለማይወራለት ስለ ኦሬሊያን ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ በ270 ሥልጣን ሲይዝ ሮም ተከፋፍላ ነበር። በምዕራብ ጎልና ብሪታንያ የራሳቸውን ንጉሥ አንግሠዋል። በምሥራቅ የፓልሚራዋ ንግሥት ዘኖቢያ ሶርያን ይዛለች፤ በዚያው ዓመት ጦሯ ግብፅ ገባ። የሮም ሕዝብ ዳቦ የሚበላው ደግሞ በግብፅ ስንዴ ነው፤ አስቡት እንግዲህ! በሰሜን የጀርመን ጎሳዎች ዳኑብን እየተሻገሩ ጣሊያን ድረስ ይዘልቃሉ።

ሰውዬው ከዳኑብ አካባቢ፣ ከተራ ቤተሰብ የወጣ የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ነው። ሲበዛ ጥብቅ ነበር። ወታደሮቹ «እጁ ሰይፉ ላይ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር ይባላል። (ይቺን ያዙልኝ።)

በ271 መጀመሪያ ፕላሴንቲያ ላይ ተሸነፈ፤ ሮምም ተሸበረች። በኋላ ግን ወራሪዎቹን ፋኖና ፓቪያ ላይ ድል ነሳቸው። ለከተማዋም 19 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግንብ አስጀመረ፤ አብዛኛው ዛሬም ቆሟል። ዳኪያን፣ የዛሬዋን ሮማኒያ አካባቢ ማለት ነው፣ ለቆ ወጣ። እንደኔ እንደኔ ይሄም ራሱ ድፍረት ይጠይቃል።

በ272 ወደ ዘኖቢያ ዞረ። የእሷ ፈረሰኞች ሰውም ፈረሱም ብረት የለበሱ ናቸው፤ ፊት ለፊት አይቻሉም። ታዲያ አንጾኪያ አጠገብ ኢማይ ላይ ምን አደረገ? ቀላል ፈረሰኞቹን የሸሹ እንዲመስሉ አዘዛቸው። እነዚያ በዚያ ሙቀት ብረታቸውን ተሸክመው ሲያሳድዱ ሲያሳድዱ ዛሉ። ያኔ ዞር ብለው ፈጇቸው! ኤሜሳ (የዛሬዋ ሆምስ) ላይም ደገመ። ዘኖቢያ ወደ ፋርስ ልታመልጥ ስትል ኤፍራጥስ ወንዝ ላይ ተያዘች። ፓልሚራ በዓመቱ እንደገና ስታምፅ ግን ምሕረት አላገኘችም፤ ከተማዋ ተዘረፈች። በ274 ምዕራቡም ተመለሰ።

አሟሟቱ ነው የሚገርመው። በ275 ፋርስን ሊወጋ ሲጓዝ፣ ትሬስ ውስጥ፣ አንድ ጸሐፊው ዋሽቶ ተያዘ። ቅጣቱን ፈራ። ከዚያ የንጉሡን እጅ ጽሕፈት አስመስሎ «የሚገደሉ መኮንኖች» ስም ዝርዝር አዘጋጀና ለራሳቸው ለመኮንኖቹ አሳያቸው። ያ ቅጽል ስም ትዝ አላችሁ? ከእሱ የማይጠበቅ ነገር አልነበረማ! ሳይቀድመን እንቅደመው ብለው ገደሉት።

ዝርዝሩ ሐሰት መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። ከስንክሳር የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠው ከዚህ 9 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በመሃል 6 ሰዎች ዙፋኑ ላይ ወጥተዋል። የእነሱን ሌላ ቀን።